«ኢቮሉሽን» ሁልጊዜ «ዝግመተ ለውጥ» ነው?

ፊደል_ቆጣሪ፦
ሰላም ለቤቱ። የምተረጉመው የኬሚስትሪ ጽሑፍ «የሃይድሮጂን ኢቮሉሽን» ይላል። «የሃይድሮጂን ዝግመተ ለውጥ» ማለቱ አላስኬደኝም። ቃሉ እዚህ ምን ሊሠራ ገባ? ሥሩስ ምንድን ነው?

ሥርወ_ቃል፦
አለማስኬዱ ልክ ነው። ዚንክ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ጋዙ አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ ዝግመትም ትውልድም የለበትም። «ሃይድሮጂን ይወጣል» ወይም «ይለቀቃል» በለው።

በላቲን «ኤ» ወደ ውጭ፣ «ቮልቬሬ» ማንከባለል ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ኤቮልቬሬ»፣ የተጠቀለለን መዘርጋት ይሆናል። መጽሐፍ ጥቅልል በነበረበት ዘመን ዘርግቶ ማንበብም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር፤ የሮማው ተናጋሪና ጸሐፊ ሲሴሮ «ኤቮሉሲዮ» ያለው ባለቅኔዎችን ማንበብን ነው። ጋዙም ከውስጥ ስለሚወጣ ቃሉ ይስማማዋል።

ወደ ሥነ ሕይወት የገባው ግን ዛሬ ከምናውቀው ፍቺ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1744 የስዊዘርላንዱ ሐኪምና ሳይንቲስት አልብሬክት ፎን ሃለር ቃሉን የተጠቀመው ፅንስ ገና ከመነሻው ተሟልቶ የተጣጠፈ ነው፣ እድገቱ መዘርጋት ብቻ ነው ለሚለው አስተሳሰብ ነበር። አዲስ ነገር አይፈጠርም ማለት ነው! ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያ እትም «ኢቮሉሽን» የሚል ስም የለም፤ ከዚያው ሥር የወጣው ግሥ ብቻ የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ሆኖ ይገኛል። ስሙ የገባው በ1872ቱ 6ኛ እትም ነው። ቃሉን በሰፊው ያስለመደው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኸርበርት ስፔንሰር ነው።

ዘረ_መል፦
የአማርኛው ችግር ሌላ ነው። «ዝግመት» ከ«አዘገመ» እና «ዘገምተኛ» ጋር አንድ ቤት ነው፤ የሚነግረን ፍጥነቱን ነው። «ሬቮሉሽን» በላቲኑ የ«ኢቮሉሽን» እህት ሲሆን የእኛው «አብዮት» ከግዕዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ፣ የመጣ ነው። ለፖለቲካ ሁለቱን ማነጻጸር ያምራል፦ አንዱ ያዘግማል፣ አንዱ እምቢ ይላል። ለባዮሎጂ ግን ያሳስታል። በሳይንሱ ወሳኙ የሚወረሱ ባሕርያት በአንድ ሕዝበ ፍጥረት (አብረው በሚኖሩና በሚራቡ የአንድ ዝርያ ፍጥረታት) ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ድርሻቸው መለወጡ ነው፤ ፈጠነም ዘገየም። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ ለሁለት ይከፈላል፣ በሰዓት 3 ትውልድ ማለት ነው። ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሰፊው ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመድኃኒቱ የማይበገሩት ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሆስፒታሎችን ሞልተው ነበር።

አንድ ግለሰብ «ኢቮልቭ አደረገ» አይባልም። «ቀጭኔ ቅጠል ለመድረስ አንገቷን አስረዘመች» ብሎ መጻፍም ስሕተት ነው፤ አንገተ ረጅሞቹ ብዙ ወለዱ እንጂ።

ሥርወ_ቃል፦
የኮከብ ኢቮሉሽንን ግን ከዚህ ለዩት። እሱ የአንድ ኮከብ የዕድሜ ሂደት ስለሆነ ውርስ የለበትም፤ «የኮከብ የሕይወት ዑደት» ይበቃዋል። የድሮ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ ካገኛችሁት ሥር ማውጣት ነው፣ የባሕር ኃይል ጽሑፍ ላይ ደግሞ የመርከቦች የሰልፍ አቀያየር።

ፊደል_ቆጣሪ፦
«ይለቀቃል» ብዬ አስተካከልኩት። አጻጻፉስ፣ «ኢ» ወይስ «ኤ»?

ዘረ_መል፦
እንግሊዞች «ኢ»፣ አሜሪካኖች «ኤ» ይላሉ። በአማርኛ «ኢቮሉሽን» ይበዛል፤ የመረጥከውን እስከ መጨረሻው ያዝ።