የዋሻ መንገድ ቃጠሎ፦ ስሌቱ 2,579 ዲግሪ ሰጠኝ፣ ይታመናል?

የደጀኑ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ሥራ በዓባይ በረሃ፣ በደጀን በኩል ባለው ቁልቁለት፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የሚያልፍ የመኪና ዋሻ በወረቀት እየነደፍኩ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር። የሚነደው 8 በ2.5 ሜትር የሆነ የጭነት መኪና፣ ኃይሉ 100 ሜጋዋት፣ የእሳቱ ግርጌ ከመንገዱ 1 ሜትር ከፍ ያለ፣ ነፋሱ 3 ሜትር በሰከንድ ነው። የተመራማሪዎቹ የሊና የኢንጋሶን የጣሪያ ሥር ሙቀት ቀመር (17.5 × ኪሎዋት በርቢ 2/3 ÷ ከእሳቱ ግርጌ እስከ ጣሪያ ያለው ቁመት በርቢ 5/3) የ2,579 ዲግሪ ጭማሪ ይሰጠኛል። ለአርማታው ስንት ልያዝ? በትንሽ ሞዴልስ ማረጋገጥ ይቻላል?

ጣና ዳር
ማባዛትና ማካፈሉ ልክ ነው፤ ቀመሩ ግን ለዝግተኛ ነፋስ ነው። መጀመሪያ የእሳቱን የራሱን ፍጥነት (ትኩሱ አየር ወደ ላይ የሚወጣበትን) አውጣ፦ 9.81 × ከኃይሉ ወደ አየር የሚሄደው ድርሻ (70% ያዝ፣ በኪሎዋት) ÷ (የእሳቱ ሬዲየስ × የአየር እፍግታ × 1.005 × የአየሩ ሙቀት በኬልቪን)፣ ከዚያ ኩብ ሩት። የመኪናህ ስፋት 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ የዚያኑ ያህል ስፋት ያለው ክብ ሬዲየሱ 2.5 ሜትር ገደማ፣ ውጤቱም 9.9 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ነፋሱን ለዚህ ስታካፍል 0.3 ነው። ከ0.19 ከበለጠ ሁለተኛው ቀመር ይገባል፦ ኪሎዋት ÷ (ነፋስ × ሬዲየስ በርቢ 1/3 × ቁመት በርቢ 5/3)። እሱም 1,680 ገደማ ይሰጣል። ሁለቱም ከቀመሩ የመጨረሻ ገደብ አልፈዋል፤ ነበልባሉ ራሱ ጣሪያውን ሲነካ ጭማሪው 1,350 ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ 1,350 ጻፍ። በ2003 ኖርዌይ ውስጥ በሩነሃማር ዋሻ ከ66 እስከ 202 ሜጋዋት በደረሱት ሙከራዎች የተለካውም ከዚያው አካባቢ ነው።

የአርማታ ሰው
አንድ የተረሳ ነገር አለ፦ ከፍታው። 17.5 የምትለው ቁጥር ውስጥ የባሕር ወለል አየር ተደብቋል። በ1,800 ሜትር ግፊቱ 81.5 ኪሎፓስካል ነው፤ በ22 ዲግሪ እፍግታው 0.96 ኪሎ በሜትር ኩብ እንጂ 1.2 አይደለም። ስስ አየር ያንኑ ሙቀት ሲሸከም የበለጠ ይግላል። የመጀመሪያውን ቀመር በ1.16፣ ሁለተኛውን በ1.25 አባዛ። ለአንተ መኪና የ1,350ው ገደብ ስለያዘው ለውጥ የለውም፤ ለአውቶቡስ ግን አለው። 30 ሜጋዋት፣ 12 በ2.5 ሜትር፣ ነፋስ 3 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ጭማሪው ከ470 ወደ 590 ይወጣል። ማራገቢያው ተበላሽቶ ነፋሱ 1 ሜትር በሰከንድ ሲሆን ደግሞ 1,340 ይደርሳል። ሰው ስለ ሜጋዋት ይከራከራል፣ ማራገቢያውን የሚያየው የለም።

ለአርማታው አንድ ቁጥር አይበቃም፣ ከጊዜ ጋር የሚሄድ መስመር ያስፈልጋል። የተለመደው የእሳት ሙከራ መስመር፣ አይኤስኦ 834፣ በ60 ደቂቃ 945 ዲግሪ ብቻ ነው። ቦቴ የሚያልፍበት ከሆነ የኔዘርላንዱን የዋሻ እሳት መስመር፣ አርደብሊውኤስን፣ ውሰድ፦ በ5ኛው ደቂቃ 1,140፣ በ60ኛው 1,350። ችግሩ ፍጥነቱ ነው፦ በአርማታው ውስጥ ያለው እርጥበት ተንፍሶ ሳይወጣ እንፋሎት ይሆንና ላዩን እየፈነዳ ያረግፈዋል፣ ከዚያ ፌሮው ይጋለጣል። በሜትር ኩብ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የፖሊፕሮፒሊን ጭረት (ቀጭን የፕላስቲክ ክር) ቀላቅል፤ ቀልጦ ለእንፋሎቱ መውጫ ይተዋል። ፌሮውን ከሙቀት የሚያድነው ግን ጭረቱ አይደለም፣ የሽፋኑ ውፍረት ወይም እሳት የሚከላከል ሰሌዳ ነው።

ጣና ዳር
ስለ ሞዴሉ፦ 1 ለ20 ሥራ፣ ቁመቱ 30፣ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር። ነፋሱ በ4.47 ይካፈላል፣ 0.67 ሜትር በሰከንድ። ኃይሉ በ1,789 ይካፈላል፣ 56 ኪሎዋት። ይህ በሰዓት 4.4 ኪሎ ፕሮፔን ነው። አንድ የቤት ሲሊንደር በዚህ ፍጥነት ሲሰጥ ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይወርዳል፣ ሁለት አገናኝ። ሙቀቱ አይካፈልም፣ እንዳለ ይነበባል። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ከሞከርክ አየሩ ከዋሻህ ጋር አንድ ነው፣ የከፍታ ማስተካከያ አያስፈልግም። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ)፣ ቀጭኑን፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ግዛ፤ ወፍራሙ ይዘገያል፣ ጨረርም ያሳስተዋል። ጥላሸትና ጨረር በልክ አያንሱም፣ ስለዚህ የግድግዳውን ሙቀት ከሞዴሉ አትውሰድ።

የደጀኑ
እግዜር ይስጥልኝ። በኤፍዲኤስ (እሳትን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ፕሮግራም) ባሠራውስ?

የአርማታ ሰው
ይሠራል። ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። የአካባቢ ግፊቱ ሳይነኩት 101,325 ፓስካል ነው፣ 81,500 አድርገው። ግድግዳውን ካልገለጽከው ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አድርጎ ስለሚይዘው ሙቀት እየሳበ ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ የአርማታውን ውፍረት፣ እፍግታና የሙቀት አስተላላፊነት አስገባ። ለ100 ሜጋዋት ሴሉን (ፕሮግራሙ ዋሻውን የሚከፋፍልበትን ትንሽ ሳጥን) እሳቱ አጠገብ 0.4 ሜትር አድርገህ ጀምር፣ ከዚያ 0.2 ላይ ድገመው። ሁለቱ ከተራራቁ የ0.4ቱን ጣለው።