የግቢያችን የመኪና ቻርጅ ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሀሳብ እዚሁ እንጨርሰው

የብሎክ 3 ተወካይ፦
ሰላም ጎረቤቶች እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ስብሰባ የቻርጅ ነገር ተነስቶ በጭቅጭቅ ስለተበተንን በጽሁፍ አንድ ሀሳብ ይዘን እንቅረብ ተብሏል፣ እኔ ልጀምር እናንተ አስተካክሉት። ያው በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ወይ አይዲ ፎር ወይ ቢዋይዲ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ሲገባ ታያላችሁ፣ ቤንዚኑም ሊትሩ መቶ ብር ካለፈ ቆይቷል፣ ስለዚ ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አሁን ግን ሁሉም በየፊናው ነው፣ ከሶስተኛ ፎቅ በኩሽና መስኮት ኤክስቴንሽን ቁልቁል ይለቀቃል፣ ገመዱ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ላይ ተጋድሞ ያድራል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እዛው ቦታ ላይ ውሃ እንደሚያቁር ሁላችንም እናውቃለን።

የኔ ሀሳብ ይሄ ነው። አንድ ትልቅ ፈጣን ቻርጀር እንግዛ የሚለውን እንተወውና በአጥሩ በኩል ባለው ፓርኪንግ አስር ተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ለብቻው በተዘረጋ መስመር እናስገባ። ምክንያቴን ላስረዳ፣ አብዛኞቻችን ስራ ቦታና ልጆች ማድረስ ተደምሮ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብንነዳ ነው። መኪናው ለመቶ ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ 40ው ኪሎ ሜትር 7 እንኳን አይሞላም፣ ይሄን ተራው ሶኬት በሁለት ሰዓት አካባቢ ይመልሰዋል። መኪናው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው። ለምንድነው ታዲያ በግማሽ ሰዓት የሚሞላ ነገር የምንገዛው?

ብሎክ 8፦
እኔ ግን ፈጣኑን ነበር የምደግፈው። ህዳሴ ግድብ ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት አለ እየተባለ እኛ በሶኬት እንብቃቃ ማለት ይከብዳል፣ መብራት ኃይልን ጠይቀን ትልቁን ብናስገባ እኮ ከውጭ ለሚመጣም እየሸጥን ለግቢው ገቢ ይሆናል

ብሎክ 6 (ኤሌክትሪክ ሰራተኛው)፦
ወንድሜ ኃይል ማመንጨት ሌላ ሰፈር ድረስ ማድረስ ሌላ። በር ላይ ያለውን ትራንስፎርመር ሄደህ እየው 315 ኬቪኤ ይላል፣ አቅሙ ማለት ነው፣ እሱን ነው ብሎኩ ሁሉ የሚካፈለው። አንድ 60 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ብቻውን ከዛ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ሊወስድ ነው፣ እሱም አንድ መኪና ለማስተናገድ። አስሩ ሶኬት ሁሉም አንድ ላይ ቢሰሩ 35 ኪሎዋት ናቸው፣ ስሪ ፌዝ ማለትም ጭነቱን ለሶስት ገመድ የሚያካፍል መስመር ይበቃቸዋል።

አሁን ደግሞ የግድ መናገር ያለብኝን ልናገር። 16 አምፔር ማለት የእንጀራ ምጣድ የሚስበው ያክል ነው፣ ሰው ምጣዴን የቻለ ሶኬት መኪናዬንም ይችላል ይላል። ምጣድ ግን በሳምንት አንዴ ሁለቴ ለተወሰነ ሰዓት ነው፣ መኪና በየሌሊቱ ሳያቋርጥ ነው የሚስበው። ሰሞኑን አንድ ቤት ተጠርቼ የሶኬቱን ክዳን ስፈታው አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ጠቁሮ ቀልጦ ወርዷል። በግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ወፈር ያለው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ስለሆነ ምንም አልሆነም፣ የተጎዳው ሶኬቱና ከሱ የተቀጠለው ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው፣ ግማሹ ሳይዘረጋ ጥቅልል ብሎ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ የተጠቀለለ ገመድ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ የለውም።

ከሱ የባሰው የኧርዝ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ገመድ ነገር ነው። ቻርጀሩ ኧርዝ ሲያጣ ቀይ አብርቶ አልሰራም ይላል አደል፣ አንዳንዱ ታዲያ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ያታልለዋል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከተበጠሰ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ በዝናብ እግሩ ርጥብ ሆኖ በሩን የሚነካ ልጅ አለ። እባካችሁ ያደረጋችሁት ካላችሁ ዛሬውኑ አስፈቱት፣ እኔ በነጻ መጥቼ አያለሁ። መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስም የቻርጀራችሁን አምፔር ወደ 8 ወይ 10 አውርዱት፣ ብዙዎቹ ላይ በተን አለው።

ብሎክ 1 (ራይድ የምሰራው)፦
ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን እኛን ሹፌሮችንም ቁጠሩን። እኔ በቀን 150 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ በናንተ ሂሳብ 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በ16 አምፔር ሰባት ሰዓት አካባቢ ሊፈጅ። ሌሊት ካልሞላልኝ ቀን የህዝብ ቻርጀር ፍለጋ ነው የምዞረው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ፈጣን ቻርጀር ከፍቶ በቴሌብር ሲያስከፍል በጣም ነው ደስ ያለን፣ ከዛ ወዲህም ሌሎች ተከፍተዋል፣ ፍጥነታቸው ላይ ምንም አልልም። ግን ለኔ ዋጋው ኪሎዋቱ ላይ ያለው ብቻ አይደለም፣ እዛ ድረስ የምሄድበት አለ፣ ወረፋ አለ፣ ከፊቴ ያለው ሰው 80 ፐርሰንት ካለፈ በኋላም ነቅሎ አይሄድም፣ ከ80 በላይ ደግሞ መሙላቱ በጣም ይዘገያል፣ እሱ መቶ እስኪሞላ እኔ ያለ ስራ ቆሜያለሁ። የህዝብ ቻርጀር ክፍለ ሀገር ለሚወጣና ድንገት ላለቀበት ነው እንጂ በየቀኑ ለሚሰራ ሰው ቤት የሚሞላ ያክል አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ትልቅ ቻርጀር ቢገዛ የማን መሰኪያ ይሁን? የኔ ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው መሰኪያ ነው፣ ብሎክ 4 ያለችው መኪና ደግሞ ሲሲኤስ ቱ የሚባለው የአውሮፓው ነው ያላት። ሶኬት ከሆነ ሁሉም የራሱን ቻርጀር ይዞ ይሰካል።

ብሎክ 2፦
ልጆች እኔ መኪና የለኝም፣ ጡረታዬን ይዤ ነው የምኖረው። የናንተን እድገት አልጠላም ግን ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛ የጋራ ገንዘቡ ለውሃ ፓምፕ ጥገና ብለን ያዋጣነው ነው፣ ለመኪና እንዳይወጣ። ሁለተኛ አሁንም ማታ ማታ መብራቱ እየወረደ ፍሪጄ ሲያቃስት ነው የማመሸው፣ አስር መኪና ሲሰካ ምን ልንሆን ነው?

የብሎክ 3 ተወካይ፦
እትዬ ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ከጋራው ገንዘብ አንድ ብር አይወጣም፣ መስመሩንም ሶኬቱንም ቆጣሪውንም የሚያስገባው መኪና ያለው ነው። ፓርኪንጉ ግን በጋራ ህንጻ አዋጅ 370/1995 መሰረት የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ የእርስዎም ድርሻ አለበት፣ ስለዚ ያለ ጉባኤው ውሳኔ አንድ ቱቦ እንኳን አይቀበርም፣ ለቦታው መጠቀሚያም ባለመኪናዎች በየኪሎዋቱ ላይ ትንሽ ጨምረው ለፓምፑና ለጥበቃዎቹ ይከፍላሉ። መብራት የሚወርደው ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሁሉም ሲያበስል ነው፣ ስለዚ የሶኬቶቹ መስመር ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት ጭራሽ እንዳይበራ በታይመር ይዘጋል፣ ጠዋት 12 ይጠፋል። እንደውም አሁን ነው የሚጎዱት፣ ሁሉም ከስራ ሲገባ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነውና የሚሰካው።

ገንዘብ ያዥ፦
የሂሳቡን ነገር ለኔ ተዉት። አንደኛ በጽሁፉ ላይ የብር ዋጋ እንዳትጽፉ፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ነው የተወሰነው፣ ዛሬ የጻፍነው ከሶስት ወር በኋላ አይሰራም። "የወሩ ቢል ለጠቅላላ ኪሎዋት ተካፍሎ በላዩ የግቢው ድርሻ ተጨምሮ" ብላችሁ ጻፉት። ሁለተኛ የመኖሪያ ታሪፍ በፍጆታ ደረጃ ስለሆነ መኪናውን በቤቱ ቆጣሪ የሚሞላ ሰው በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት ሲጨምር ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፣ ብዙ ሰው ካርዱ ቶሎ እያለቀበት ለምን እንደሆነ አይገባውም። አዲሱ መስመር የራሱ ቆጣሪ ስለሚኖረው በየትኛው ታሪፍ እንደሚመዘገብ ከመብራት ኃይል በደብዳቤ መልስ ሳናገኝ ገንዘብ አንሰብስብ። ለእያንዳንዱ ሶኬት ንዑስ ቆጣሪ ይደረግ፣ በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ እዚህ እለጥፋለሁ፣ ሁሉም ያየዋል።

ብሎክ 8፦
እሺ የትራንስፎርመሩን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ በሶኬቱ እስማማለሁ። ግን ቱቦው ሲቀበር ሰፋ ያለ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሃያ መኪና ስንሆን እንደገና ኮብልስቶን እንዳንነቅል

ብሎክ 5 (ተከራይ)፦
ተከራዮችስ? እኔ አከራዬ ውጭ ናቸው፣ መኪናው ግን የኔ ነው። መዋጮውን ከፍዬ በዓመቱ ቤት ብለቅ ብሬ ቀረ ማለት ነው?

የብሎክ 3 ተወካይ፦
ሁሉንም ሰብስቤ እንደገና ጻፍኩት፣ እዩት፦

"ማህበሩ በአጥሩ በኩል ባለው ፓርኪንግ ለብቻው በሚገባ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ አስር ባለ 16 አምፔር ሶኬት እንዲተከል ጉባኤውን ይጠይቃል። ሙሉ ወጪው በተጠቃሚዎች ይሸፈናል፣ ሂሳቡም የወሩ ቢል ለጠቅላላ ኪሎዋት ተካፍሎ በላዩ የግቢው ድርሻ ተጨምሮ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ብሬከር፣ የኧርዝ መከላከያና ንዑስ ቆጣሪ ይኖረዋል፣ ቱቦው ለሃያ መስመር የሚበቃ ይሆናል። መስመሩ ከሌሊቱ 5 እስከ ጠዋት 12 ብቻ ይሰራል። ሶስቱ ሶኬቶች በመኪናቸው ለሚተዳደሩ ሙሉ ሌሊቱን ይሰጣሉ፣ የቀሩት ሰባቱ ተጠቃሚ ሲበዛ በየሁለት ቀኑ ተራ ይያዝባቸዋል። ተከራይ እኩል መብት አለው፣ ሲለቅ ድርሻውን ለሚተካው ተጠቃሚ ማስተላለፍ ይችላል። አገልግሎቱ ከጀመረ በኋላ ከመስኮት ኤክስቴንሽን መልቀቅ ይከለከላል።"

በየሁለት ቀኑ ያልኩት አንድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ተሰክቶ ያደረ መኪና ከሁለት ቀን በላይ መንገድ ስለሚይዝ ነው፣ ስለዚ ከአስር በላይ ብንሆንም አንጣላም።

ብሎክ 2፦
አሁን ገባኝ። ግን "ጥበቃዎች ገመድ እንዲነቅሉ አይታዘዙም" የሚል ጨምሩበት፣ ማንም ሌሊት እየደወለ ንቀልልኝ እንዳይላቸው፣ ስራው አይደለም ኧርዙም ያስፈራል።

የብሎክ 3 ተወካይ፦
ጨምሬዋለሁ እትዬ፣ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ያዥ ለመብራት ኃይል የሚገባውን ደብዳቤ ነገ ታዘጋጃለች፣ ማህተም እንዲያደርጉበት ለሰብሳቢው እኔ አደርሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ብሎክ 6 ከቆጣሪ ክፍሉ እስከ አጥሩ ያለውን ርቀት ሊለካ ነው፣ የገመዱ ዋጋ የሚወጣው ከሱ በኋላ ስለሆነ በአጥሩ በኩል የምታቆሙ ሁሉ ከ3 ሰዓት በፊት መኪናችሁን አንሱልን።