በቃል የተገባ የደመወዝ ጭማሪ ሲቀር ምን ማድረግ ይቻላል?

የስቶር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ሚያዝያ ላይ የግዢ ሠራተኛው ሲለቅ ሥራው እኔ ላይ ተደረበ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ፣ የሂሳብ ኃላፊዋም ባለችበት፣ «ሁለቱንም ያዢልን፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደመወዝሽ ላይ 4,000 ብር ይጨመራል» አለኝ። ደብዳቤ አልሰጠኝም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ። መስከረም ላይ ስጠይቀው በቴሌግራም «አልረሳሁትም፣ ባለቤቱ ሲመለስ ከሐምሌ ጀምሮ ያለው ተደምሮ ይከፈልሻል» ብሎ ጻፈልኝ። አሁን ታኅሣሥ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ጭማሪ የሚባል ነገር የለም» አለኝ።

ሥራው ግን አልቀነሰልኝም። ጠዋት መርካቶ ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ስሰበስብ ቆይቼ ከሰዓት ስቶር ገብቼ ዕቃ ሳስገባ ሳስወጣ ይመሻል። የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ዘይቱም ጤፉም የምታውቁት ነው። ክስ ብጀምር ያባርሩኛል ብዬ እፈራለሁ። ሕጉ ምን ይላል? በቃል የተባለ ነገር ዋጋ አለው ወይስ ዝም ብዬ ልተወው?

ሰው ኃይል ነኝ

እህቴ፣ እንዳትተዪው። በመጀመሪያ ግን እውነቱን ልንገርሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት አይልም። ውሉን መለወጥ ሲሆን ግን አንቀጽ 15 በኅብረት ስምምነት፣ በድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው የሚለው። የደመወዝ ጭማሪ ደግሞ ውል መለወጥ ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ የተባለው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ድርጅቱ «የተጻፈ ነገር አምጪ» ብሎ አፍሽን ሊያስይዝሽ ይችል ነበር።

ያንቺን ጉዳይ የሚያጠነክረው የመስከረሙ ቴሌግራም ነው። መጠኑን ባይጠቅስም «ከሐምሌ ጀምሮ» እና «ይከፈልሻል» የሚሉት ቃላት አሉበት፣ የጻፈውም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። አሁኑኑ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺው፣ ሌላ ቦታም አስቀምጪው፣ ምክንያቱም ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው ካንቺም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። የሂሳብ ኃላፊዋ ደግሞ ምስክር ናት። ትመሰክራለች ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እዚያው ነው እንጀራዋ።

ቀጥሎ ደብዳቤ ጻፊ። ስድብም ልመናም አይኑርበት። ከሚያዝያ ጀምሮ የግዢውን ሥራ ደርበሽ እየሠራሽ መሆኑን፣ ማን፣ መቼ፣ ስንት ብር እንዳለሽ፣ መስከረም ላይ ምን እንደጻፈልሽ፣ አሁን የምትጠይቂው ምን እንደሆነ፣ በቃ። በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት አስገቢና ቀሪው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጊበት። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ ያየሁት፣ በቃል ሲለመን ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል አለቃ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያይ ስብሰባ ይጠራል።

ጠበቃው

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ይርጋን፣ ማለትም መብት የሚጠየቅበትን የጊዜ ገደብ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። በአዋጁ መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሐምሌው ልዩነት ሐምሌ መጨረሻ ላይ መከፈል ከነበረበት ጥር መጨረሻ አካባቢ ያልቅበታል ማለት ነው። የነሐሴው ቀጥሎ፣ እንዲህ እያለ በየወሩ አንድ አንድ እየወደቀ ይሄዳል። «ትንሽ ታገሺ» የሚል አሠሪ ሁሉ ተንኮለኛ ነው አልልም፣ ግን ትዕግሥትሽ የሚጠቅመው እሱን ነው። አሠሪው መብትሽን በግልጽ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፣ ማለትም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ የመስከረሙን መልእክት ለዚያም መከራከሪያ ማድረግ ይቻላል። በሱ ተማምነሽ ግን ጥርን አታሳልፊ።

ስለ መባረሩ፦ አንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። በዚህ ሰበብ ካሰናበቱሽ ሕገወጥ ስንብት ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ መጠየቅ ከፈለግሽ ግን ጊዜው 3 ወር ብቻ ነው። ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አትከፍዪም። ጠበቃ መያዝ ካልቻልሽ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፣ የክፍለ ከተማሽን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም አነጋግሪ፣ ጠርተው ሊያስማሟችሁ ይችላሉ። ድርድሩ ላይ ሳለሽም የይርጋውን ቀን አትርሺ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የደረብሽው ሥራ የሥራ መሪ የሚያሰኝሽ ነው? ማለትም ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን አለሽ? ካለሽ አዋጁ አይሸፍንሽም።

የስቶር ልጅ

የለኝም፣ ፕሮፎርማ ሰብስቤ አቀርባለሁ፣ የሚወስነው እሱ ነው።

ጠበቃው

እንግዲያው አዋጁ ይመለከትሻል።

ቂርቆስ

እኔ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ፍርድ ቤት ሄጃለሁ። አዋጁ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ ይወስናል ይላል፣ የኔ ግን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ከዚያ በላይ ወስዷል። ያዳነኝ ክርክሬ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ድርጅቱ «ተጨማሪ ሥራ አልሰጠነውም» ብሎ ሲክድ በስሜና በፊርማዬ የወጡትን ሰነዶች አቀረብኩ። አንቺም የግዢ መጠየቂያዎቹን፣ የተፈራረምሽባቸውን ፕሮፎርማዎች ቀናቸውን በማስታወሻ መዝግቢ። ዋናውን የድርጅት ሰነድ ግን ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ጥፋተኛ አድርገው የሚያባርሩበት ቀዳዳ ታበጂላቸዋለሽ። ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲያቀርቡት ማዘዝ ይችላል።

ሁሉም ያልፋል

ሁላችሁም ስለ ክስ ታወራላችሁ። ልጅቷ ስቶርም ግዢም የምትችል ከሆነ ሌላ ቦታ ትፈለጋለች። እዚያው ተቀምጣ ሰውዬውን በየቀኑ እያየች መክሰስ ጤና ይነሳል። ሥራ ፈልጊ፣ ስታገኚ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ ውጪ። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ ብን ካልሽ አንቺው ካሳ ትከፍያለሽ።

ሰው ኃይል ነኝ

መልቀቁም መብቷ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ለቃም የቀረባትን ልዩነት መጠየቅ ትችላለች። ንብረቱን በትክክል አስረክባ ክሊራንስ እስክትወስድ ግን አትቸኩል። ስቶር ላይ ጉድለት ተገኘ ከተባለ ነገሩ ይዞራል።

የስቶር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ አለ፣ የሂሳብ ኃላፊዋ በጓሮ በር «ጭማሪው በትራንስፖርት አበል መልክ ይሁን ቢሉሽ ተቀበይ» አለችኝ። ልዩነት አለው?

ሰው ኃይል ነኝ

አለው እንጂ። ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፣ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከነሱ 11 በመቶ። አበል ከሆነ ያ 4,000 ብር ጡረታሽ ውስጥ አይገባም። የትርፍ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ክፍያሽም በድሮው ደመወዝ ይሰላል፣ ነገ ደግሞ «አበሉ ቀርቷል» ማለት ይቀላቸዋል። ሌላ አማራጭ ካጣሽ ውሰጂው፣ ግን ደብዳቤ ይኑረው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ይጻፍ። ያለፉትን ወራት ትቻለሁ የሚል ዐረፍተ ነገር ከገባበት አትፈርሚ።