ፖሌንታ ጓጎለብኝ፤ እሁድ ልድገመው

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ጣልያን አገር ኖሮ መጣና ፖሌንታ አማረኝ አለ። የበቆሎ ገንፎ አይደል ብዬ፣ ለቂጣ ያስፈጨሁትን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ገለበጥኩት። ጓጎለ። ሩብ ሰዓት አማስዬ ሳወጣው ጥሬ ጥሬ ይላል። ቃል ሳይተነፍስ በላልኝ፤ አንጀቴን ነው የበላው። እሁድ ልደግመው ነው። ጾም ስለሆነ ቅቤና አይብ የለም፤ በምን ላቅርበው?

መልስ (ከፒያሳ)
እታለም፣ አይዞሽ። ችግሩ ዱቄቱ ነው፤ ልሟል። ቅዳሜ ገበያ ወጣ በይና ቢጫ በቆሎ ግዢ። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ "አታልመው፣ ሸርክተው" በይ። ቤት ገብተሽ ንፊው። የወረደው ለቂጣ ይሁን፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው፣ እንደ አሸዋ ጣት የሚቆረቁረው፣ እሱ ነው የፖሌንታው።

ለ1 ኩባያ ሽርክት ከ4 እስከ 5 ኩባያ ውሃ። ሲፈላ ጨው ጨምሪ። በአንድ እጅሽ እንደ ካፊያ እየነሰነስሽ በሌላው አማስዪ። ከዚያ እሳቱን ቀንሺ። ጣልያኖቹ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያበስሉታል። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እኔ አንድ ሰዓት እሰጠዋለሁ። ከጠጠረብሽ የፈላ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ጥርስ ላይ መንኮሻኮሹን ሲተውና የድስቱን ጎን ሲለቅ በስሏል።

መልስ (ከማራኪ)
እኔ ሽርክቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ነው የምጥደው። እስኪፈላ ማማሰያው ከእጄ አይወጣም። አንድም ቀን አልጓጎለብኝም።

መልስ (ከአራዳ)
ለጾሙ የቲማቲም ሱጎ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ ካገኘሽ እንጉዳይ ጨምሪበት። ቀይ ወጥ አታድርጊበት፤ በርበሬው የበቆሎውን ጣፋጭነት ይሸፍነዋል። በሰሜን ጣልያን የእንጨት ገበታ ላይ ገልብጠው በክር ይቆርጡታል። አንቺም እንዲያ አቅርቢለት፤ ደስ ይለዋል። ሲፈሰክ ትኩሱን በቅቤና በፓርሚጃኖ አይብ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! አደረግሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከምድጃው አልራቅሁም። ወንድሜ ድስቱ ላይ የያዘውን ቅርፊት ሳይቀር ፍቆ በላው። ትንሽ ተርፏል፤ ምን ይሁን?

መልስ (ከፒያሳ)
ሳይቀዘቅዝ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ዘርጊው። ነገ ሁለት ጣት አድርገሽ ቁረጪና በጋለ ዘይት ጥበሺው። ከስሩ ቡናማ ሳይሆን አትገልብጪው፤ ይፈርሳል።