ቤተሰብ ይዞ የሸራ ጀልባ ላይ ለመኖር፦ የቱን እንግዛ ለምትሉ

ይህ ጥቆማ ልጆቻቸውን ይዘው የሸራ ጀልባ ላይ ለመኖር ላሰቡ ነው። ውቅያኖስ የማቋረጥ ሐሳብ የላቸውም እንበል። በቅርብ ያሉ ደሴቶችን፣ ወሽመጦችንና ትንንሽ ወደቦችን ቀስ እያሉ መዞር ነው የሚፈልጉት። የጀልባ ምክር ግን በብዛት የሚጻፈው ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ሰው ነው። በቅርብ የሚዞር ቤተሰብ ጀልባ ከሚጓዝበት ይልቅ መልህቅ ጥሎ የሚቆምበት ሰዓት ይበዛል። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ያወዳደርኩት በዚህ ዓይን ነው፤ ጀልባው ቆሞ፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ ዕቃው ምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ የሚነሳው ካታማራን ይሻላል ወይስ ባለ አንድ አካል የሚለው ነው። ካታማራን ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት አካላት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት ቀፎዎች አሉት። አያጋድልም ማለት ይቻላል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ብርሃንም ይገባዋል። ልጆቹ በአንዱ ወገን፣ ወላጆች በሌላው መተኛት ይችላሉ። ጥልቅ ውሃ ስለማይፈልግ ወደ ዳርቻው በደንብ ይጠጋል። ነገር ግን ውድ ነው። አብዛኛው ሁለት ሞተር አለው፣ ጥገናውም ሁለት ነው። ብዙ ማሪናዎች (የጀልባ ማቆሚያ ወደቦች) ለስፋቱ ተጨማሪ ያስከፍላሉ፤ ጭራሽ ቦታ የማይኖርበትም አለ። ዕቃ ሲበዛበት ደግሞ ይዘገያል፤ ልጆች ያሉት ቤት ዕቃ እንደሚያበዛ የታወቀ ነው። ስትመርጡ ሁለቱን አካላት የሚያገናኘው ወለል ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ተመልከቱ። ዝቅ ያለ ከሆነ ሞገዱ ከሥር እየደበደበ እንቅልፍ ይነሳል።

ባለ አንድ አካሉ ሸራው ሲነፋ ያጋድላል። ከሥሩ ኪል የሚባል ከባድ ክንፍ ስላለው ግን ማዕበል ቢገለብጠው እንኳ ራሱን እንዲያቃና ተደርጎ ነው የሚሠራው። ካታማራን ከተገለበጠ እንደተገለበጠ ይቀራል። ትንበያ አይቶ ለሚወጣና በቅርብ ለሚዞር ቤተሰብ ውሳኔውን የሚወስነው ይህ አይመስለኝም፤ ኪስ ነው። ብድር ውስጥ ገብቶ ካታማራን ከመግዛት፣ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ባለ አንድ አካል በእጅ ባለ ገንዘብ መግዛት ይሻላል እላለሁ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሜትር ቢሆን ለአራት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም ሸራውም መልህቁም ይከብዳል። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አንደኛው ወላጅ ልጁን ሲይዝ ጀልባውን የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አትርሱ። መጠኑን የሚወስነው ያ አንድ ሰው የሚችለው ነው።

ከአምራች ስም አንጻር፣ ቤኔቶ፣ ዣኖና ባቫሪያ በብዛት ተሠርተዋል። ውስጣቸው ሰፊ ነው፤ መለዋወጫና የሚያውቃቸው መካኒክ ማግኘትም ብዙ አያስቸግርም። ሃልበርግ ራሲና አሜል ጠንካራና ከበድ ያሉ ናቸው፤ ለረጅም የባሕር ጉዞ የሚመረጡም ለዚህ ነው። ለቅርብ ዙረት የፊተኞቹ ከበቂ በላይ ናቸው። ከአከራይ ድርጅት የወጣ ጀልባ ስታገኙ ግን ረጋ በሉ። የኪራይ ጀልባዎች መኝታና መጸዳጃ ይበዛላቸዋል፣ የዕቃ ማስቀመጫ ግን ያንሳቸዋል። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠይቁ፤ ኪሉ መሬት ነክቶ እንደሆነም አስመርምሩ።

ምርመራው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆማችሁን መርማሪ ሳይሆን ራሳችሁ የመረጣችሁትን ቅጠሩ። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ይታይ። መርማሪው የላይኛውን ወለል በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ እርጥበቱን በመሣሪያ ይለካል። ከፋይበርግላሱ ሥር ያለው እንጨት ውሃ ከጠጣ ጥገናው ከባድ ነው። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች ዕድሜም ይጠየቅ፤ 10 ዓመት ካለፋቸው ብዙ ኢንሹራንሶች ይቀየሩ ይላሉ። ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሱት። እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት እንዳያሞቁት ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ሞተር ሲሞቅ ደህና መስሎ ይታያል። ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ስልክ ደውሉ። ለኢንሹራንሱ፣ ጀልባው ላይ እንደምትኖሩ ነግራችሁ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ለማሪናው፣ ቤተሰብ እንዲኖርበት ይፈቅድ እንደሆነ። የማይፈቅዱ ብዙ ናቸው።

ማሪና፣ የታሰረ ቦያ (ከባሕሩ ወለል ጋር በሰንሰለት የተያያዘ፣ ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ) ወይስ መልህቅ? ጀማሪ ከሆናችሁ ማሪና ይቅደም። መብራት፣ ውሃ፣ ሻወርና ልብስ ማጠቢያ እዚያው ይገኛል። የተበላሸውን ሁሉ ባለሙያ ቅርብ ሆኖ ሳለ ታስጠግናላችሁ። የወር ኪራዩ ከአዳር ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ልጆች ማሪና ውስጥ አይዋኙ። ከአንድ ጀልባ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ ያለን ሰው አካል አደንዝዞ ሊያሰጥም ይችላል። ጨው በሌለው ውሃ አደጋው ይብሳል። ቦያ ስትከራዩ ጠላቂ ሰንሰለቱን መቼ እንዳየው ጠይቁ፤ አከራዩ የማይመልስላችሁ ከሆነ መልህቃችሁን ጣሉ።

መልህቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቤተሰቡ እንቅልፍ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። አሮጌ ጀልባ ስትገዙ ብዙ ጊዜ አፍንጫው ላይ የምታገኙት ሲኪውአር ወይም ብሩስ ነው። ሲኪውአር በ1933 የተፈጠረ ማረሻ መሰል መልህቅ ነው፤ ብሩስ የ1970ዎቹ ነው። ሁለቱም ብዙ ዘመን አገልግለዋል። አዲሶቹ ስፔድ፣ ሮክናና ማንቱስ ግን እንደ አካፋ ጎድጎድ ያሉ ናቸው፤ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ቶሎ ይቀበራሉ። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይርም አብረው ዞረው መልሰው ይይዛሉ። ከሦስቱ አንዱን ግዙ፤ አምራቹ ለጀልባችሁ ከጻፈው መጠን አንድ ከፍ አድርጉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እነሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ካላቸው ልዩነት ያነሰ ነው። ዳንፎርዝ ለሁለተኛ መልህቅነት ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል፣ አሸዋ ላይ ብርቱ ነው። ነፋስ ሲገለበጥ ግን ሊነቀል ስለሚችል ብቻውን አትመኑት። የባሕር ሣር ላይ ሁሉም ይቸገራሉ፤ ነጣ ያለ ባዶ አሸዋ ፈልጉ።

የሰንሰለቱ ርዝመት ከመልህቁ እኩል ነው የሚቆጠረው። ጥልቀቱን ከጀልባው አፍንጫ ከፍታ ጋር ደምሩና ቢያንስ በ5 አባዙ። ውሃው 5 ሜትር፣ አፍንጫው ከውሃው በላይ 1 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ሰንሰለት ትለቃላችሁ። የባሕሩ ከፍታ በሌሊት የሚጨምርበት ቦታ ከሆነ ጭማሪውንም አስቡ። ነፋስ ከመጣ ወደ 7 እጥፍ አሳድጉት። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ጎትቱትና መያዙን አረጋግጡ። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ በመነጽር ጠልቆ ማየት ነው፤ ልጆችም ይህን ሥራ ይወዱታል። ሰንሰለቱ ላይ የሚታሰር የናይሎን ገመድም ይኑራችሁ። ግፊቱን ያለዝባል፣ ሌሊት የሚንጓጓውን ድምፅም ያጠፋል።

መብራትን በተመለከተ፣ ምርጫው የእርሳስ ባትሪ ወይም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። የእርሳሱን ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ያህል ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ሊቲየሙን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ትጠቀማላችሁ፤ ክብደቱም በጣም ያነሰ ነው። ረጅም ጊዜ ለመኖር ካሰባችሁ ሊቲየሙ ያዋጣል፤ ነገር ግን በባለሙያ ይገጠም። የሞተሩን ጄኔሬተር ከመጠን በላይ አሠርቶ ሊያቃጥለው ስለሚችል መከላከያ ያስፈልገዋል። ሶላር ፓነል በተቻለ መጠን አብዙ፤ ብዙ መብራት የሚበላው ፍሪጁ ነው። የነፋስ ተርባይን አልመክርም፤ ድምፁ መኝታ ክፍል ድረስ ይገባል።

የባሕር ውሃ የሚያጣራ ማሽን ለቅርብ ዙረት ቅንጦት ነው። ከወደብ እየሞሉ መሄድ ይቻላል።

ምድጃው በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ጀልባው ወለል ሥር ይወርዳል፣ እዚያም ይከማቻል። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ማፍሰሻ ባለው የተዘጋ ሳጥን ይቀመጥ። የጋዝ ማንቂያውን ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደግሞ በየመኝታ ክፍሉ ይኑር።

ላይፍ ጃኬት ሁለት ዓይነት ነው፣ በፎም የተሞላና በጋዝ የሚነፋ። ለትንንሽ ልጆች ፎሙን ግዙ፤ ራስ የሚደግፍ ኮሌታና በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ይኑረው። የሚነፋው ለትልልቅ ልጆችና ለአዋቂዎች ምቹ ነው፣ ጋዙ በየጊዜው መታየት አለበት እንጂ። መጠኑ በልጁ የዛሬ ክብደት ነው። ሲያድግ ይደርስበታል ብሎ ሰፊ መግዛት አደገኛ ነው፤ ውሃ ውስጥ ልጁ ሾልኮ ይወጣል። በጀልባው ዙሪያ የሚታሰረው መረብ መጫወቻ እንዳይወድቅ ይረዳል፤ ጃኬቱን ግን አይተካም።

ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ማለትም ጀልባዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የባሕር ሬዲዮ፣ ያለ ክርክር ይግባ። ስልክ አንድ ሰው ብቻ ይሰማዋል፤ የአደጋ ጥሪ በሚደረግበት ቻናል 16 ላይ የተናገራችሁትን ግን አቅራቢያ ያለ ሁሉ ይሰማል። ትልቁ ልጅ ቀዩን የአደጋ ቁልፍ መቼና እንዴት እንደሚጫን ይማር። ለካርታ ናቪዮኒክስ የተባለው መተግበሪያ ስልክ ላይ ይመቻል፤ ኦፕንሲፒኤን ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ይሠራል። ሁለቱንም ያዙ፤ አንዱ መሣሪያ ሲሞት ሌላው ይኖራል። ለአየር ትንበያ ዊንዲ የተባለውን መተግበሪያ እመርጣለሁ። የአውሮፓውንና የአሜሪካውን የትንበያ ሞዴል ጎን ለጎን ያሳያል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ከልጆች ጋር አልወጣም።

ከመግዛታችሁ በፊት ያሰባችሁትን ዓይነት ጀልባ ለሳምንት ተከራዩ። ቢቻል ዝናብና ነፋስ ያለበት ሳምንት ይሁን። ማን የት እንደተኛ፣ እርጥብ ልብስ የት እንደተሰቀለ፣ ልጆቹ የት ቁጭ ብለው እንዳጠኑ ጻፉት። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ደላላው ሂዱ።