ክርክር፦ የኳስ ጌም በየዓመቱ በሙሉ ዋጋ ይሸጥ ወይስ በአፕዴት ይቀጥል?

አወያይ፦
ኤፍሲ 26፣ ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው የኳስ ጌም አዲሱ እትም፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ወጥቷል። ሲወጣ መደበኛው 69.99 ዶላር፣ አልቲሜት የሚሉት ውዱ እትም 99.99 ነበር፤ ልዩነቱን የከፈለ ሰባት ቀን ቀድሞ ተጫውቷል። ያው ኩባንያ፣ ኢኤ፣ በኖቬምበር ስለ ፎርሙላ 1 ጌሙ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ፦ ለ2026 አዲስ እትም የለም፤ ኤፍ1 25 ላይ የሚጫን፣ በክፍያ የሚገዛ ማስፋፊያ ይኖራል፤ ቀጣዩ ሙሉ ጌም በ2027 ነው። እንግዲህ ጥያቄው፦ ለመኪናው የተቻለው ለኳሱ ለምን አይቻልም? ዓመተ ምሕረቱን ሁላችንም በፈረንጅ እንጻፍ፣ እንዳንደናገር። የተሳደበ ይወጣል።

ኦፍሳይድ፦
በየዓመቱ መሸጡ ይቁም ባይ ነኝ። ማስረጃዬም ራሱ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ለኒንቴንዶ ስዊች ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 የወጡት አራቱም እትሞች ‹ሌጋሲ ኤዲሽን› (የድሮው እትም እንደ ማለት) ተብለው ነው የተሸጡት። አጨዋወቱ የፊፋ 19 ነው፤ የተለወጠው ማሊያው፣ ስኳዱ (የቡድኑ ተጫዋቾች ዝርዝር) እና የሜኑው መልክ ነው። አዲስ ሞድ (የጨዋታ ዓይነት) የለም። ፍሮስትባይት የሚባለው ኢንጂን፣ ጌሙ የሚሠራበት ዋና ሶፍትዌር፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በፊፋ 17 ሲገባ፣ ስዊች ላይ የደረሰው በኤፍሲ 24 ነው። ስለዚህ ‹ስኳድ ቀይረው ይሸጡልናል› ስንል ሐሜት አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ ስም አውጥቶለት የሸጠው ዕቃ ነው።

ቁጥር 10፦
ወንድሜ፣ የስዊቹን ይዘህ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጥ። እሱ ከዋናው ባነሰ ዋጋ ነበር፣ ስሙም እንዳልከው አልተደበቀም። ኤፍሲ 25 ላይ የሆነውን እንይ። ‹ወርክ ሬት› የሚባለው፣ ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደሚያጠቃ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚወስነው ነገር፣ ሙሉ በሙሉ ወጣ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ቦታ ሚና መጣ። የቀኝ ተመላላሹን ብቻ ውሰድ፦ ፉልባክ፣ ፎልስባክ፣ ዊንግባክ፣ አታኪንግ ዊንግባክ፤ አራት ዓይነት ሰው ነው።

ፎልስባክ ካደረግኸው ኳስ እጅህ ሲገባ መስመሩን ትቶ ወደ መሀል፣ ከተከላካይ አማካዩ ጎን ይገባል። ማቀበያ ይበዛልሃል። ኳሷን በተነጠቅህ ቅጽበት ግን መስመሩ ባዶ ነው። ተጋጣሚህ አንድ ረጅም ኳስ ለክንፉ ከላከ መሀል ተከላካይህ ለመዝጋት ይወጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይቀርሃል። ብዙ ሰው ‹ጌሙ ተበላሽቷል› ብሎ የሚያማርረው ሁለቱንም ተመላላሽ ፎልስባክ አድርጎ ነው። አንዱን ፎልስባክ ካደረግህ ሌላውን ተራ ፉልባክ አድርገህ አስቀምጥ። ከ19,000 በላይ ተጫዋች ያለበት ጌም ላይ ለእያንዳንዱ ሚና መስጠት በአንድ ሌሊት አፕዴት አይሠራም።

ኦፍሳይድ፦
በአፕዴት አይሠራም? በጃንዋሪ 2025 ኢኤ ራሱ የእግር ኳስ ገቢው ከጠበቀው በታች መሆኑን ለባለሀብቶች ተናገረ። በዚያው ወር የኤፍሲ 25ን አጨዋወት የለወጠ ትልቅ አፕዴት ለቀቀ፣ በነጻ። ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚቻል ነገር ገበያው ሲሞቅ ለምን አይቻልም?

‹አትግዛ፣ በአሮጌው ተጫወት› የምትሉም ቆዩ። ኤፍሲ 24 ሲወጣ በሴፕቴምበር 2023 ከፊፋ 14 እስከ ፊፋ 23 ያሉት ከዲጂታል መደብሮች ተነሡ። ቀድሞ የገዛ ማውረድ ይችላል፤ አዲስ ሰው ግን ሲዲ ካላገኘ የለም።

ማስተር ሊግ፦
እኔ እዚህ ክርክር ላይ ሁለታችሁም ያልነካችሁትን ላንሣ፦ የኢኤ ተፎካካሪ የሆነው፣ ፔስ የሚባለውን የኳስ ጌም የሠራው ኮናሚ ይህንን ነገር በሁለት መንገድ ሞክሮታል።

አንደኛው በሴፕቴምበር 2020 የወጣው ፔስ 2021 ነው። አዲስ ጌም ነው አላሉም፤ ‹ሲዝን አፕዴት› አሉት፣ የፔስ 2020 አጨዋወት ከአዲስ ስኳድ ጋር፣ በ30 ዶላር ገደማ። ጨዋነት ማለት ያ ነበር። ሁለተኛው ፔስን የተካው ኢፉትቦል ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 በነጻ ተለቀቀ፣ ኢንጂኑም ተለወጠ፣ እና ምን ሆነ? ዘጠኝ ክለብ ብቻ፣ ፊታቸው የተጣመመ ተጫዋቾች፣ በስቲም (የፒሲ ጌም መደብር) ላይ ሰው ከሁሉ ዝቅ ያለ ነጥብ ከሰጣቸው ጌሞች ተርታ። ትክክለኛው ስሪት፣ 1.0 የተባለው፣ የመጣው በኤፕሪል 2022 ነው። ‹አንድ ጌም፣ ለዘላለም አፕዴት› የምትሉት ይህንን ነው። ፔስን የወደደ ሰው ማስተር ሊግን፣ አንድ ክለብ ለዓመታት የምትመራበትን ሞድ፣ ብሎ ነበር የሚገዛው፤ ነጻው ጌም ሲጀመር ማስተር ሊግ አልነበረበትም።

ለዚህ ነው እስካሁን ፔስ 2021 ላይ የቀረ ሕዝብ ያለው። ስኳዱን የሚያድሱት ኩባንያው ሳይሆን በፈቃዳቸው ኦፕሽን ፋይል፣ ማለትም ማሊያ፣ አርማና ስኳድ የያዘ ፋይል፣ የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው።

ጌም ቤት፦
ማስተር ሊግ፣ እስኪ ኦፕሽን ፋይሉን ለማያውቅ ሰው ዘርዝርለት። ግማሹ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያበላሸው።

ማስተር ሊግ፦
እሺ ጌታዬ። ለፕሌይስቴሽን 4፦ ፍላሹ ላይ፣ ከምንም ፎልደር ውጪ፣ በእንግሊዝኛ ትላልቅ ፊደላት ደብሊው፣ ኢ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤስ ተብሎ የሚሰየም ፎልደር ክፈት። የማሊያውን፣ የአርማውንና የቡድኑን ፋይል ሁሉ እዚያ ውስጥ ገልብጥ። ፎልደር ውስጥ ፎልደር ከሆነ ጌሙ አያየውም፤ ‹ፋይል የለም› የሚለው በአብዛኛው ለዚህ ነው። ከዚያ ኤዲት፣ ኢምፖርት ኤክስፖርት፣ ኢምፖርት ቲም፤ በካሬው ቁልፍ ሁሉንም ምረጥ። ቀጥሎ ዝርዝር ሴቲንግ ይመጣል፣ የተጫዋችና የስኳድ ዳታም አብሮ ይግባ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን አለው። ካልነካኸው ማሊያው ይለወጥና ተጫዋቹ የድሮው ይቀራል። ግን አንዳንድ ፋይል ሳጥኑ ባዶ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ አዘጋጁ አብሮ የጻፈውን ሳታነብ አትጫን።

ሰው የሚወድቅባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አሮጌ የኤዲት ዳታ ሳይጠፋ አዲስ መጫን፤ ተጫዋች ሁለት ቡድን ውስጥ ይታያል። ኦፕሽን ፋይሉ የሚጠይቀው ዳታ ፓክ (የኮናሚ ማሻሻያ) ጌሙ ላይ አለመኖሩ፤ ፊትና ተጫዋች ይጎድላል። የተጀመረ ማስተር ሊግ ላይ ስኳዱ ይለወጣል ብሎ መጠበቅ፤ አይለወጥም፣ አዲስ መጀመር ነው። ኤክስቦክስ ያለው ደግሞ አይድከም፣ ምስል ማስገባት አይፈቅድም።

ጌም ቤት፦
ተባረክ። ይህንን ያስነገርኩህ ለክርክሩ ስለሚጠቅም ነው። ሰፈር ውስጥ ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ኪክ ኦፍ (ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበትን) የሚያጫውት ቤት አልቲሜት ቲም (የተጫዋች ካርድ እየሰበሰቡ በኢንተርኔት ቡድን የሚሠሩበት ሞድ) ምኑም አይደለም። የሚፈልገው በሴፕቴምበር የተዛወረው ልጅ አዲሱ ክለቡ ውስጥ እንዲታይ ነው። ደንበኛው ቁጭ ሲል መጀመሪያ የሚያየው ስኳዱን ነው፤ ‹ይሄማ የአምና ነው› ካለ ተነሥቶ ይሄዳል።

አሁን ኤፍሲ ላይ ስኳድ እንዴት ይታደሳል? ኢንተርኔት አገናኝተህ ዳውንሎድ ስኳድስ ትለዋለህ፣ ሴቭ ይደረጋል፣ ከዚያ ነቅለህ ያለ ኢንተርኔት ትሠራለህ። የስኳዱ ፋይል ራሱ ኢምንት ነው። ችግሩ ሰርቨሩ የጌሙ የመጨረሻ አፕዴት ሳይጫን አያስገባህም፤ አፕዴቱ ደግሞ ጊጋባይት ነው። በስልክ ዳታ ሆትስፖት ከፍቶ ‹ስኳድ ላውርድ› ያለ ሰው ፓኬጁን የሚጨርሰው ስኳዱ ጋ ሳይደርስ ነው። ሁለቱ የዝውውር መስኮቶች እስኪዘጉ ጠብቆ፣ በዓመት ሁለቴ፣ ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ ኮንሶሉን ወስዶ ማውረዱ ይሻላል። ፍላሽ ላይ ገልብጦ ማስገባት ኮንሶል ላይ የለም። ፒሲ ላይ ግን የስኳዱ ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ሴቲንግስ ፎልደር ወደ ሌላው ይገለበጣል።

ካሪየር ሞድ (ኤፍሲ ላይ ክለብ የምትመራበት) ላይም ማስተር ሊግ እንዳለው ነው፦ የተጀመረው በጀመረበት ስኳድ ይቀጥላል።

ስለ ዋጋውም፦ የፕሌይስቴሽን መደብር ኢትዮጵያን በአገርነት አይመዘግብም። አካውንቱ የአሜሪካ ወይም የኤምሬትስ ይሆናል፣ ጊፍት ካርዱም የዚያው አገር መሆን አለበት። የአሜሪካ አካውንት ላይ የኤምሬትስ ካርድ አይገባም፤ ኮዱ አንዴ ከተፋቀ ደግሞ ሻጩ ገንዘቡን አይመልስም። ስለዚህ 70 ዶላሩ እዚህ ሲደርስ 70 አይደለም፣ የካርድ ሻጩ ትርፍ ይጨመርበታል። ያገለገለ ሲዲ የሚበረታታው ለዚህ ነው። ‹በአፕዴት ብቻ ይሁን› ካላችሁ ሲዲ አይኖርም፣ አበድሮ መመለስም አይኖርም። ኦፍሳይድ ይህንን አስበኸዋል?

ሶሊ ከብራስልስ፦
ጌም ቤት ጥሩ ነጥብ አነሣህ፣ እኔም ላክልበት። አፕዴት ብቻ ይሁን የምትሉ ገንዘቡ ከየት እንዲመጣ ነው የምታስቡት? ኢኤ ዓመታዊ ያልሆነ የኳስ ጌም አለው እኮ። ኮሪያ ውስጥ ኔክሰን የሚያስተዳድረው ኤፍሲ ኦንላይን፣ ሞባይል ላይ ደግሞ ኤፍሲ ሞባይል፤ ሁለቱም ለመግባት ነጻ ናቸው፣ የሚኖሩትም እዚያው ውስጥ በሚሸጥ ነገር ነው።

ቤልጂየም ውስጥ በ2018 የቁማር ኮሚሽኑ በገንዘብ የሚከፈት፣ ውስጡ የማይታወቅ ፓክ (የተጫዋች ካርድ ጥቅል) ቁማር ነው ብሎ ስለወሰነ ኢኤ ከጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ጀምሮ ፓክ የሚገዛበትን ፖይንት በገንዘብ መሸጥ አቆመ። እዚህ አልቲሜት ቲም የሚጫወት ሰው ፓክ የሚከፍተው ተጫውቶ ባገኘው ኮይን ነው። ጌሙ አልሞተም። ኔዘርላንድስ ግን የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥላ በማርች 2022 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሻረው፣ እዚያ ይሸጣል። የእኔ አቋም፦ 70 ዶላር የሚታይ ዋጋ ነው፣ አባትና እናት ያዩታል። ፓክ አይታይም። መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

ቁጥር 10፦
ሶሊ፣ አንቺ ያልሽው ነው የኔም ፍርሃት። ደግሞም አንድ ዓመት መዝለል በራሱ ጥራት አያመጣም። ፉትቦል ማኔጀር 25፣ አሰልጣኝ ሆነህ ቡድን የምትመራበት የሌላ ኩባንያ ጌም፣ በፌብሯሪ 2025 ተሰረዘ፣ ቀድሞ የከፈለ ገንዘቡ ተመለሰለት። የ24ቱን ስኳድ ታድሳላችሁ ወይ ሲባሉም አይሆንም አሉ። ስለዚህ ሕዝቡ አንድ ሙሉ ሲዝን በአሮጌ ዝርዝር ቀረ። ከዚያ 26ቱ ኖቬምበር 4 ወጣ፣ በአዲስ ኢንጂን፣ እና ሰው ሁሉ ሜኑው ላይ ጮኸ።

ባለ ፒሲው፦
ስለ ኮንሶል ብቻ አወራችሁ። ፒሲ ላይ አዲሱ እትም ዋጋ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ ማሽንህንም ይለውጥብሃል። ኤፍሲ 25 100 ጊጋባይት ቦታ፣ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። ኤፍሲ 26 ደግሞ ሴኪዩር ቡት ይብራ፣ ቲፒኤም 2.0 ይኑር አለ (ሁለቱም የኮምፒውተሩ የደህንነት ክፍሎች ናቸው)፤ ለአንቲቺቱ፣ አጭበርባሪን ለሚያግደው ሶፍትዌር፣ ነው። ሰው ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ) ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ያበራና ዊንዶውሱ አልነሣም ይለዋል። ምክንያቱ፦ ዊንዶውሱ በሌጋሲ ሞድ (በድሮው አነሣስ)፣ ኤምቢአር በሆነ (በድሮው አከፋፈል በተዘጋጀ) ዲስክ ላይ ተጭኗል። አስቀድመህ የዊንዶውስ ቁልፉን ከአር ጋር ተጭነህ ኤምኤስኢንፎ32 ብለህ ክፈት፣ ‹ባዮስ ሞድ› የሚለውን መስመር ተመልከት። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ አነሣስ) ካለ ሴኪዩር ቡትን ማብራት ብቻ ነው። ሌጋሲ ካለ መጀመሪያ ዲስኩን ወደ ጂፒቲ (አዲሱ አከፋፈል) ለውጥ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ራሳቸው ለዚህ መሣሪያ አላቸው፣ ፋይል ሳይጠፋ ይለውጣል፣ ቢሆንም ባክአፕ ሳትይዝ አትንካው። ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ የምታዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ አትድከሙ፣ አንቲቺቱ አያስገባችሁም።

እና አቋሜ፦ አንድ ጌም ሆኖ ቢቀጥል እንዲህ ያለው መስፈርት መሀል መንገድ ላይ በአፕዴት ቢመጣስ? የገዛኸው ጌም ነገ ጠዋት አልከፍትም ይልሃል። በእትም ሲለይ ቢያንስ 25ቱ በቆመበት ይቆማል።

ኦፍሳይድ፦
የሶሊን ነጥብ እቀበላለሁ፣ ፓኩ ይቅር። ግን ነጻ ይሁን ያለ የለም፤ እኔ የምለው እንደ ኤፍ1ዱ ይሁን ነው። ሦስት ዓመት አንድ ጌም በሙሉ ዋጋ፣ መሀል ላይ ሁለት ማስፋፊያ በ30 ዶላር። ጌም ቤት፣ ማስፋፊያውም በሲዲ ይውጣ፣ ፔስ 2021 በሲዲ አልነበረም እንዴ? ባለ ፒሲው፣ ‹25ቱ ይቆማል› ያልከው ሰርቨሩ እስኪዘጋ ነው። የፊፋ 14 ሰርቨር በኦክቶበር 2017 ተዘግቷል።

አወያይ፦
ወደ መዝጊያው ነን። እያንዳንዳችሁ በአንድ መስመር፦ ቀጣዩን እትም ለመግዛት የምታስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ ምንድነው?

ሶሊ ከብራስልስ፦
ፓኩ ውስጥ ያለው ካርድ ሳይከፈል ይታይ።

ቁጥር 10፦
በየዓመቱ ይውጣ፣ ግን አሮጌው በጁን ሳይሆን አዲሱ እስኪወጣ ድረስ ይጠገን።

ባለ ፒሲው፦
መስፈርቱ ከመሸጡ በፊት ይነገር፣ ከተሸጠ በኋላ አይጨመር።

ጌም ቤት፦
በፍላሽ የሚገባ የስኳድ ፋይል፣ በዓመት ሁለቴ፣ ኮንሶል ላይ። ኮናሚ በፔስ 2021 ያስቻለውን ነው የምጠይቀው። እሱ ካለ ማሊያና ስኳድ ብቻ ያለበትን ሲዲ በ30 ዶላር የሚገዛ ቤት ሞልቷል።