በደቻቱ ዳር ለኮርስ ሳይክል ስንት ቁጥር ጎማ? ንፋሱስ?

የሳቢያን ልጅ

ሰላም ለድሬና ለሐረር ሳይክለኞች። ከማውንቴን ወደ ኮርስ ቀይሬያለሁ። ያገለገለ ነው፤ ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት፣ ጎማው 700 በ23 (23ቱ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው)፣ ቫልቩ ቀጭኑ። ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። የምነዳው ጠዋት ጠዋት ሲሆን ከሳቢያን በከዚራ በኩል ወደ ደቻቱ ወንዝ እመጣና ግንቡን ይዤ ባለው አስፋልትና ኮብል እሄዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ በመልካ ጀብዱ መንገድ ትንሽ ራቅ እላለሁ።

ጥያቄዎቼ፦ 23ቱ ለዚህ መንገድ ይሆናል ወይስ ይቀየር? ለድሬ ሙቀት ስንት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ልንፋ? ዝናብ በዘነበ ማግስት አስፋልቱ ላይ የሚቀረውን አሸዋ በቀጭን ጎማ እንዴት ነው የሚያልፉት? እሾሁንስ ምን ትሉታላችሁ?

ኩሽኔታ

እህቴ፣ 23ቱ ይውለቅ። ለወንዝ ዳር መንገድ ሳይክሉ የሚችለውን ሰፊ ጎማ መግጠም ነው። 25 ይበቃሻል፣ 28 ከገባ ግን 28 ይሻላል። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። 23 ጎማ ኮብል ላይ እንዳይመታ ቢያንስ 90 ፒኤስአይ መነፋት አለበት፤ እንደዚያ ደርቆ የተነፋ ጎማ ደግሞ ስስ አሸዋ ሲያገኝ መሬት አይጨብጥም። ንፋሱን ስትቀንሺለት የኮብሉ ጠርዝ ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የውስጥ ጎማውን ይቆርጠዋል። ሰፋ ያለ ጎማ በትንሽ ንፋስ ሁለቱንም ያቀልልሻል።

ከመግዛትሽ በፊት ለኪ። ያለው ጎማ ተነፍቶ እያለ ከፍሬኑ ሥር፣ በፊት ሹካው መካከል፣ ከኋላ ደግሞ ፍሬሙ ከፔዳሎቹ ጀርባ በሚጠብበት ቦታ ያለውን ክፍተት እዪ። ከ23 ወደ 28 ሲኬድ ጎማው በየጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከዚያ በኋላም በሁሉም በኩል 4 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት፤ ካልተረፈ ጎማው ይዞት የዞረ አንድ ጠጠር ፍሬሙን ሲፍቀው ይውላል። የጎማው ጎን ላይ 622 የሚል ቁጥር መኖሩንም አረጋግጪ (25-622፣ 28-622)። 630 የሚል ካየሽ ያ የአሮጌው 27 ኢንች ነው፤ ስሙ ቢቀራረብም ቸርኬሽ ላይ አይቀመጥም።

ንፋስ ለ62 ኪሎ፦ 25 ከሆነ ፊት 78፣ ኋላ 84። 28 ከሆነ ፊት 64፣ ኋላ 70። እስክትቀይሪው ድረስ 23ቱን ፊት 90፣ ኋላ 95። ኋላ የሚበልጠው ሸክሙ ወደዚያ ስለሚያዘነብል ነው። የጎሚስታው ጌጅ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ስለ ሙቀቱ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራል። ንጋት ላይ በ20 ዲግሪ 84 የተነፋ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ያለው አየር 50 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 94 ነው የሚወጣው። ደህና ጎማ ይህንን ይችላል። «ሙቀት አፈነዳው» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ የውስጥ ጎማው ሲገጠም ከጎማው ከንፈር ሥር ተቆንጥጦ ቀርቷል፣ ወይም የቆየ ልጣፍ ማስቲሹ ግሎ ተላቋል፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ አሳልፎ ነፍቷል። ይህን የመጨረሻውን አደራ። ኮምፕሬሰሩ ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው፤ የኮርስ ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በአንድ ሁለት ሰከንድ ልኩን ያልፋል። ጎማ ቤት የምታስነፊ ከሆነ ለቀጭኑ ቫልቭ አስማሚ ቡሽ ይኑርሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያስነፋሽ ለኪ። ከተቻለ ግን ጌጅ ያለው የእግር መንፊያ ቤትሽ ይኑር። ቀጭን ጎማ ሳይበሳም በሳምንት ውስጥ ንፋሱ ይቀንሳል፤ ለመንፋት ሁልጊዜ ጎማ ቤት መሄድ አድካሚ ነው።

ደቻቱ ማዶ

ኩሽኔታ ጎማውን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ አሸዋው ልሂድ፣ በወንዝ ዳር ሰው የሚጥለው እሱ ነውና።

አሸዋው በየቦታው እኩል አይተኛም። የሚጠራቀመው የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ወደ ዋናው አስፋልት በሚወጡበት አፍ፣ በድልድይ መግቢያና መውጫ፣ በኩርባው ውስጠኛ ጎን እና አስፋልቱ ዝቅ ባለበት ሁሉ ነው። መሀሉን የባጃጅ ጎማ ይጠርገዋል፣ ዳሩ ላይ ግን ይቀራል። ሳይክለኛ ደግሞ የሚነዳው ዳሩን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ከመድረስሽ በፊት ወደ ኋላ አይተሽ፣ በእጅ ምልክት ሰጥተሽ ቀደም ብለሽ ወደ መሀል ውጪ። አሸዋው ላይ ስትደርሺ በድንገት ወደ መሀል መታጠፍ ሁለት አደጋ ባንድ ጊዜ ነው።

ማለፍ ግድ ከሆነ ፍጥነትሽን ገና ንጹሕ አስፋልት ላይ እያለሽ ቀንሺ። አንድ ማርሽ አቅልዪ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ላላ ባለ እጅ ያዢ፣ ክብደትሽን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊ፣ ፔዳሉን ሳታቋርጪ በእኩል ጉልበት ርገጪ። አሸዋው ውስጥ የፊት ፍሬን አይነካም፣ አይታጠፉም። የፊት ጎማ ሲዋልል መሪውን ለማረም የሚታገል ሰው ነው የሚወድቀው። ውፍረቱ ከጣት ስፋት ካለፈ ግን 28ም አያዋጣም፤ ወርደሽ ግፊ። ጎርፉ የተወው ደለል እርጥብ ሲሆን ደግሞ ከደረቅ አሸዋ የባሰ ነው፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጎዳው ካቴናው ነው። የሞተር ዘይት የጠጣ ካቴና የደቻቱን አሸዋ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ራሱን ይበላል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበሽ በደንብ አድርቂ፣ ከዚያ ስስ ወይም ሰምነት ያለው የሳይክል ቅባት በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ፤ ጥቂት ቆይተሽ ውጭውን በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጊ። የሚሠራው ውስጥ የገባው ቅባት ነው፣ ውጭ የቀረው አሸዋ ከመሳብ በቀር ጥቅም የለውም። መበላቱን በማስመሪያ ማወቅ ይቻላል። ከአንድ ፒን መሀል ጀምረሽ 24ኛው መጋጠሚያ ድረስ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ገደማ ከደረሰ ቀይሪው፤ 308 ካለፈ የኋላውንም ጥርስ አብሮ በልቶታል፣ ወጪውም እጥፍ ይሆናል።

የፍሬን ጎማዎቹንም ከአሸዋ በኋላ እያወጣሽ እዪ። ውስጣቸው የተሰካ ደቃቅ ጠጠር ሲፈሬን «ክርርር» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ቸርኬውንም ይቧጭራል። በመርፌ ነቅለሽ፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ መልሺ።

አሁን ዋናው። ለማሳጠር ብለሽ ወንዙ ውስጥ ወርደሽ አትሻገሪ፣ አሸዋው ምንም ያህል የደረቀ ቢመስል። የደቻቱ ውሃ ከላይ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው የሚመጣው፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍ በሌሊት ነው የመጣው። በበልግ መጋቢትና ሚያዝያ፣ በክረምት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ደጋው ላይ ጥቁር ደመና ካየሽ ድልድዩን ተጠቀሚ።

ጎማ ቤት መጋላ

እሾሁን ለኔ ተዉት። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የግራርና ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ እሾህ ነው፤ ጎርፍ ቅርንጫፉን አምጥቶ አስፋልት ዳር ይተወዋል፣ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ምንም ዓይነት ጎማ ያልፋል። ሌላው ኩርንችት ነው፤ እሱ አጭር ስለሆነ መበሳት የሚከላከል ንጣፍ ያለው ጎማ ያቆመዋል። ስለዚህ ጎማ ስትገዢ ንጣፍ ያለውን ምረጪ፣ ትንሽ ቢከብድም።

ሲበሳ ቶሎ ለመለጠፍ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንደሆነ እዪ። በመሬት በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ከሆነ ንፋስ አንሶ ኮብል ቆርጦታል። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦዎቹን ቀዳዳ የሚሸፍነው ማሰሪያ ተንሸራቷል ወይም ሰምጧል፤ ርካሹ የላስቲክ ማሰሪያ በሙቀትና በብዙ ንፋስ ይህን ያደርጋል፣ በጨርቅ ቀይሪው። ይህን ሳታዪ አዲስ የውስጥ ጎማ ብትከቺ በዚያው ቀን ይደገማል። እሾህ ከሆነም ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ይቀራል፣ በዓይን አይታይም። ጥጥ ይዘሽ ውስጡን ዙሪያውን ጥረጊ፣ እሾሁ ጥጡን ይይዘዋል።

አለጣጠፉ፦ ከልጣፉ ሰፋ አድርገሽ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ በመሀል የሚያልፈውን የስፌት መስመር አስተካክዪ። ማስቲሹን በስሱ ቀቢ፣ ጥላ ውስጥ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ጣት ሲነካው መያዙን ሲተው ልጣፉን አድርገሽ በኃይል ተጫኚው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ልጣፍ ጠዋት ደህና መስሎ ቀትር ላይ ይላቀቃል። መንገድ ላይ ግን መለጠፍ አያስፈልግም፤ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ማውለቂያና ትንሽ መንፊያ ያዢ፣ ልጣፉ ማታ ቤት ይሠራል። ከአሮጌ ጎማ ጎን የተቆረጠ የሁለት ጣት ስፋት ቁራጭም ጨምሪ። ጎማው ራሱ ከተተረተረ በውስጥ በኩል ይደገፍበታል።

የሳቢያን ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ ከፍሬኑ ሥር 7 ሚሊ፣ በየጎኑም 7 ሚሊ ነው ያለው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚሁ ጎማ ወደ ሐረር መውጣት ይቻላል?

ኩሽኔታ

ከላይ 7 ከሆነ 28 ሲገባ 2 ብቻ ይተርፋል፣ አይሆንም። 25 ግዢ፣ 5 ይተርፍሻል።

ጀጎል በር

ይቻላል እህቴ፣ አስፋልቱ ለ25 ችግር የለበትም። ከ1,200 ሜትር ግድም ተነስተሽ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምትወጪ ግን የኋላው ትልቁ ማርሽ ስንት ጥርስ እንዳለው ቁጠሪ፤ ከ28 ጥርስ ካነሰ ጉልበትሽ ይጎዳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሺ፣ ውሃ ለአንድ ሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር አስቢ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጊበት።

የሚያስጠነቅቀው መውጣቱ ሳይሆን መመለሻው ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘሽ አትውረጂ። የማያቋርጥ ፍሬን ቸርኬውን ያግለዋል፣ ሙቀቱም የውስጥ ጎማውን ልጣፍ ያላቅቀዋል። ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ሁለቱንም ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ቸርኬው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ድገሚ። ለዚያ ጉዞ የተለጠፈ ሳይሆን አዲስ የውስጥ ጎማ ይግባ፣ በተለይ ፊት። የጫት መኪና ጥሩምባ ከሰማሽ ደግሞ ዳር ይዘሽ አሳልፊው፣ መስመር አትከራከሪ።